ለዲኤቲ የባዮሎጂ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰመር ሲቃረብ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። ጠያቂው አንዳንዴ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚማር የሰፈር ልጅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ለልጃቸው የሚጠይቁ እናት ናቸው። «ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው፣ ለዲኤቲ፣ ባዮሎጂውን ከየትኛው መጽሐፍ ያጥና?» ይሉኛል። የሚፈልጉት የአንድ መጽሐፍ ስም ነው። እኔም በጊዜዬ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

እኔ የተዘጋጀሁት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ነው። አምስት መጽሐፍ ገዛሁ። እያንዳንዱን «እኔን ያሳለፈኝ ይሄ ነው» ያለ ሰው ነበር ያሳየኝ። ከትልቁ ጀመርኩ፤ ከምዕራፍ አንድ። በሁለት ወር ምዕራፍ ሃያ ደረስኩ። እዚያ ስደርስ ስለ ሴል ያነበብኩት ግማሹ ጠፍቶብኛል። ስለ ዕፅዋት አንድ ገጽ ሳላይ የፈተናው ቀን ደረሰ። ውጤቱም እንደ ዝግጅቱ ሆነ። ሁለተኛ ጊዜ ስቀመጥ የተጠቀምኩት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱም በነጻ የተገኘ ነበር።

ስለዚህ የመጽሐፍ ስም ብቻ ነግሬያችሁ አልሄድም። ሌላውን ሰው ያሳለፈው መጽሐፍ የእሱን ጉድለት ነው የሞላው። የእናንተ ጉድለት ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጉድለቱን እንፈልግ፤ ከዚያ ለእሱ እንግዛ።

አንደኛ፦ የምትገዙለትን ፈተና እወቁት

ዲኤቲን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር፣ ኤዲኤ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር፣ ፕሮሜትሪክ በሚባለው ድርጅት የፈተና ማዕከላት ይሰጣል። ዋሽንግተን ላለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም፣ ባልቲሞር ላለው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም የምታመለክቱት በዚሁ አንድ ፈተና ነው። የሜሪላንዱ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት በ1840 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው። አብዛኞቻችን በአጠገቡ እያለፍን ይህን አናውቅም።

ባዮሎጂ የሚመጣው በመጀመሪያው ክፍል፣ በተፈጥሮ ሳይንስ ውስጥ ነው። ክፍሉ 100 ጥያቄ አለው፤ የተሰጠው ጊዜ 90 ደቂቃ ነው። 40ው ባዮሎጂ፣ 30ው ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ 30ው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው። ሒሳቡን ስትሠሩት ለአንድ ጥያቄ 54 ሰከንድ ይደርሳል። ኬሚስትሪው ስሌት ስላለበት ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ከባዮሎጂው ጊዜ መትረፍ አለበት። ያነበባችሁትን እዚያ ቁጭ ብላችሁ ለማስታወስ የምትታገሉ ከሆነ ጊዜው አይበቃም። ቶሎ ከአፍ የሚወጣ እውቀት ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው ነገር ስፋቱ ነው። የባዮሎጂ ጥያቄዎቹ ረጅም ምንባብ ተነብቦ የሚመለሱ አይደሉም። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ፣ አጭር ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከሴል እስከ ሥነ ምህዳር፣ ከፅንስ እድገት እስከ ዝግመተ ለውጥ ይዘላል። ጥልቀቱ መካከለኛ፣ ስፋቱ ግን ብዙ ነው። መጽሐፍ ስትመርጡ ይህ ሁልጊዜ በአእምሯችሁ ይሁን። አንድን ርዕስ እስከ ሥሩ የሚቆፍር መጽሐፍ ለዚህ ፈተና ጊዜ ያባክናል። ሁሉንም ነገር በመጠኑ የሚነካ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን ልመልስ። አገር ቤት በጥርስ ሕክምና ተመርቃችሁ የመጣችሁ ከሆነ፣ የእናንተ መንገድ ብዙውን ጊዜ በዲኤቲ አያልፍም። በ2020 የተጀመረው አይኤንቢዲኢ የሚባለው የቦርድ ፈተና እና ለውጭ ምሩቃን የተዘጋጁት ፕሮግራሞች ናቸው የሚመለከቷችሁ። የዲኤቲ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ትምህርት ቤት ጠይቁ። ካናዳ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁ ዲኤቲ አላችሁ። ባዮሎጂው እዚያም አለ፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ግን የለም። የአሜሪካውን ጥቅል ሙሉውን መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ሁለተኛ፦ የርዕሶቹን ዝርዝር አትሙ

ኤዲኤ በድረ ገጹ የተፈታኞች መመሪያ ያወጣል። በነጻ ነው። የባዮሎጂ ርዕሶች በዝርዝር ተቀምጠውበታል። ሴልና ሞለኪውላር ባዮሎጂ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። የአካል ክፍሎች አሠራር፣ ጄኔቲክስ፣ የሕይወት ዓይነቶች፣ ዝግመተ ለውጥና ሥነ ምህዳርም አሉበት።

ይህን ገጽ አትሙት። ስልክ ላይ አትዩት፤ ወረቀት ይሁን። ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን በሦስት ቀለም ምልክት አድርጉ። አረንጓዴ ማለት ለታናሽ እህቴ ሳልዘጋጅ ማስረዳት እችላለሁ ማለት ነው። ቢጫ ማለት ሳየው ይታወሰኛል ማለት ነው። ቀይ ማለት ተምሬው አላውቅም ማለት ነው። እውነቱን ጻፉ፤ ሌላ ሰው አያየውም።

በኛ ልጆች ወረቀት ላይ ቀዩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው። ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ አንድና ሁለት ስንወስድ መምህሩ ጊዜ ሲያጥረው የሚዘለው ዕፅዋትን፣ ሥነ ምህዳርንና የፅንስ እድገትን ነው። ሴልና ዲኤንኤ ግን በእያንዳንዱ ኮርስ ይደጋገማሉ። ስለዚህ ገና ሳትጀምሩ ሁለት ሦስት ቀይ ቦታ ቢኖራችሁ አትደንግጡ።

ሦስተኛ፦ ገንዘብ ሳታወጡ ራሳችሁን ፈትኑ

ብዙዎቹ የጥያቄ ባንኮች፣ ማለትም በክፍያ የሚሸጡ የልምምድ ጥያቄ ስብስቦች፣ ከክፍያ በፊት የምትሞክሩት ናሙና አላቸው። ከዚያ 40 የባዮሎጂ ጥያቄ ሰብስቡ። ሰዓት ሙሉ፤ 36 ደቂቃ። ምንም ሳታጠኑ ሥሩት።

ውጤቱን አትመልከቱት። የሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ብቻ አውጡና ለእያንዳንዱ ለምን እንደሳታችሁ ጻፉ። ሦስት ዓይነት ምክንያት ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው «ይህን ነገር ጨርሶ አላውቀውም» ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የሚያስተምር ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ ነው።

ሁለተኛው «ተምሬዋለሁ፣ ግን ጠፋብኝ» ነው። እዚህ ሌላ መጽሐፍ መግዛት ምንም አይረዳም። የሚረዳው ድግግሞሽ ነው፤ ማለትም ፍላሽካርድ፣ ፊቱ ላይ ጥያቄ ጀርባው ላይ መልስ ያለበት ካርድ።

ሦስተኛውን ሌሎች መመሪያዎች አይጠቅሱትም። እኛ ዘንድ ግን በጣም የተለመደ ነው። «ነገሩን አውቀዋለሁ፣ ጥያቄው የተጻፈበት ቃል ግን ግራ አጋባኝ» የሚለው ነው። ኩላሊት ደምን እንዴት እንደሚያጣራ በደንብ የሚገባው ልጅ፣ ጥያቄው የኔፍሮንን፣ የኩላሊቱን ጥቃቅን ማጣሪያ፣ ክፍሎች በስማቸው ሲጠራ ይደናገራል። የቸገረው ቃሉ እንጂ ባዮሎጂው አይደለም። ለዚህ መድኃኒቱ ብዙ ጥያቄ መሥራት ነው፤ በተለያየ አነጋገር የተጻፉ ጥያቄዎችን።

አሁን ከፊታችሁ ሁለት ወረቀት አለ፦ ባለ ሦስት ቀለሙ ዝርዝርና የስህተቶቹ ምክንያት። ከዚህ በኋላ የምትገዙት በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች መሠረት ነው።

አራተኛ፦ ሦስት ብቻ ያዙ

አንድ አጭር ማስታወሻ፣ አንድ የጥያቄ ባንክ፣ አንድ ወፍራም ማጣቀሻ። አራተኛ ከመጣ ከሦስቱ አንዱን ይተካ እንጂ አይጨመር።

አጭሩ ማስታወሻ ከዳር እስከ ዳር የምታነቡት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ስለዚህ ማለቅ የሚችል መሆን አለበት። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ በሦስት ሳምንት ሥራ ሳልተው አንድ ጊዜ ልጨርሰው እችላለሁ? ካልቻልኩ አጭር አይደለም። የመሰናዶ ድርጅቶች የሚሸጧቸው የዲኤቲ መጽሐፎች አሉ። የጥያቄ ባንኮቹም የራሳቸው ማስታወሻ አላቸው። ተማሪዎች ራሳቸው አዘጋጅተው ያሰራጯቸውም አሉ።

እዚህ አንድ ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል ላይ ለሚሰጠው የኤፒ ባዮሎጂ ፈተና የተዘጋጁ ማጠቃለያ መጽሐፎች አሉ። ይህ ኮርስ ከ2012 ጀምሮ ተለውጧል። ስፋቱ ተቀንሶ ወደ ጥልቀት አዘነበለ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የታተሙት የኤፒ ማጠቃለያዎች ሰፊ ናቸው። ዕፅዋቱም፣ የእንስሳት አመዳደቡም፣ የፅንስ እድገቱም አለባቸው። ለዲኤቲ የሚስማማው እሱ ነው። አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ውስጥ በጥቂት ዶላር ታገኙታላችሁ።

ወፍራሙ ማጣቀሻ ግን አይነበብም። ይገለጣል። ካምቤል ባዮሎጂን ብዙዎቻችሁ ከኮሌጅ ታውቁታላችሁ። 56 ምዕራፍ ነው። ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ሥዕሎቹ ብቻ ብዙ ያስተምራሉ። ለፈተና ብሎ ከፊት እስከ ኋላ ማንበብ ግን እኔን ሁለት ወር አስከፍሎኛል። ማጣቀሻ የምትገልጡት ማስታወሻው ሲያጥራችሁና የጥያቄ ማብራሪያው ሳይገባችሁ ሲቀር ነው። የምታነቡት ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ ከዚያ ትዘጉታላችሁ። ካምቤል ከሌላችሁ አትግዙት። ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው የኦፕንስታክስ ባዮሎጂ ሁለተኛ ዕትም በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። 47 ምዕራፍ አለው፤ ለማጣቀሻነት ከበቂ በላይ ነው።

አምስተኛ፦ መጽሐፉን በሦስት ገጽ መርምሩት

አንድ መጽሐፍ ስታገኙ ሽፋኑን ተዉት። «አዲስ»፣ «የተሻሻለ» የሚለውንም ተዉት። ሦስት ቦታ ግለጡ።

መጀመሪያ የሴል መተንፈስ የሚለውን ምዕራፍ ግለጡና ከአንድ ግሉኮስ ስንት ኤቲፒ፣ ሴሉ ለኃይል የሚጠቀምበት ሞለኪውል፣ ይገኛል እንደሚል እዩ። የቆዩ መጽሐፎች 36 ወይም 38 ይላሉ። አዳዲሶቹ 30 ወይም 32 ይላሉ። ልዩነቱ የመጣው የኤሌክትሮን ተሸካሚዎቹ፣ ኤንኤዲኤችና ኤፍኤዲኤች2፣ የሚሰጡት የኤቲፒ መጠን እንደገና ስለተለካ ነው። ድሮ ለአንድ ኤንኤዲኤች 3 ይባል የነበረው አሁን 2.5 ገደማ ነው። ኤፍኤዲኤች2 ደግሞ ከ2 ወደ 1.5 ወርዷል። 36 የሚል መጽሐፍ መጣል የለበትም። ነገር ግን ዕድሜውን ነግሯችኋል። ጎበዝ መጽሐፍ ሁለቱንም ቁጥር አስቀምጦ ምክንያቱን ያስረዳል። እንዲህ ያለ ካገኛችሁ ያዙት። ግላይኮሊሲስ፣ የግሉኮስ መሰበር የመጀመሪያው ደረጃ፣ የሚያተርፈው 2 ኤቲፒ ግን በሁሉም መጽሐፍ ያው ነው። እሱን የሚሳሳት መጽሐፍ ካያችሁ መልሱት።

ቀጥሎ የፍጥረታት አመዳደብን ግለጡ። እዚህ ላይ አገር ቤት የተማርን ሰዎች መጠንቀቅ አለብን። ብዙዎቻችን የተማርነው በአምስት ኪንግደም ነው፦ ሞኔራ፣ ፕሮቲስታ፣ ፈንጋይ፣ ፕላንቴ፣ አኒማሊያ። ይህ አመዳደብ በ1969 እ.ኤ.አ. ዊታከር የተባለ ሳይንቲስት ያቀረበው ነው። በ1990 ግን ካርል ዎዝና ባልደረቦቹ ሕይወትን በሦስት ዶሜይን ከፈሉት፦ ባክቴሪያ፣ አርኬያ፣ ዩካርያ። ሞኔራ የሚለው ስም ፈረሰ፤ ባክቴሪያና አርኬያ ተለያዩ። የምትገልጡት መጽሐፍ ሞኔራን እንደ አንድ ቡድን ብቻ አስቀምጦ ስለ አርኬያ ምንም ካላለ፣ ለዚህ ርዕስ አትጠቀሙበት። በልጅነት የተያዘ ነገር በ54 ሰከንድ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣ ስለሆነ ይህን ቦታ ሁለት ጊዜ አጥኑት።

ሦስተኛው ገጽ የቀለም ዝርዝራችሁ ላይ ቀይ ያደረጋችሁት ነው። ዕፅዋት ከሆነ ማውጫው ላይ የዕፅዋት ሆርሞኖቹን ኦክሲንን፣ ጂበረሊንን፣ ኢትሊንን ፈልጉ። የፅንስ እድገት ከሆነ ሦስቱን የፅንስ ሽፋኖች ፈልጉ፦ ኤክቶደርም፣ ሜዞደርም፣ ኢንዶደርም። ከየትኛው ምን እንደሚወጣ ሠንጠረዥ ካለው ጥሩ ነው። በነገራችን ላይ የጥርስ ኢናሜል ከኤክቶደርም ነው የሚወጣው፤ ዴንቲኑ ደግሞ ኒውራል ክረስት ከሚባሉት ሴሎች። ይህን ያስቀመጠ መጽሐፍ ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ የምንማርለትን ሙያ ያስታውሰኛል። ቀይ ቦታችሁ በመጽሐፉ ውስጥ ግማሽ ገጽ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምርም ለእናንተ አይደለም።

ስድስተኛ፦ የጥያቄ ባንክ በማብራሪያው ይመረጣል

ገንዘብ የምታወጡበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን ብትሉኝ፣ እዚህ ላይ አውጡ። ዲኤቲ ቡትካምፕና ዲኤቲ ቡስተር በአሁኑ ጊዜ በተማሪው ዘንድ የታወቁ ናቸው። ሁለቱንም መግዛት አያስፈልግም። ዲስትሮየር የሚባል የጥያቄ መጽሐፍም አለ፤ ከባድ በመሆኑ ነው የሚታወቀው። እሱን መሠረት ሳይጥሉ መጀመር ሞራል ይሰብራል።

ብዙ ሰው ባንክ የሚመርጠው በጥያቄው ብዛት ነው። እኔ የማየው ማብራሪያውን ነው። አንድ ጥያቄ ሳቱና መልሱን አንብቡ። ምሳሌ ልስጥ። «በደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ የሚወጣው ሆርሞን የትኛው ነው?» ይላል እንበል። ምርጫዎቹ ካልሲቶኒን፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ ታይሮክሲን፣ ኢንሱሊን ናቸው። ደካማ ማብራሪያ «መልሱ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ነው፣ ካልሲየምን ከፍ ያደርጋል» ብሎ ያቆማል። ጥሩው ማብራሪያ ይቀጥላል። ሆርሞኑ ካልሲየሙን ከአጥንት እንደሚያስለቅቅ፣ ኩላሊት እንዳይጥለው እንደሚያደርግ ይነግራችኋል። ካልሲቶኒን በተቃራኒው እንደሚቀንሰው፣ ታይሮክሲን የሰውነትን ኃይል አጠቃቀም እንደሚመራ፣ ኢንሱሊን የደም ስኳርን እንደሚያወርድ ይጨምራል። በአንድ ጥያቄ አራት ነገር ተማራችሁ ማለት ነው። ከላይ ያልኩትን የቃል ችግርም የሚፈታው እንዲህ ያለው ነው፤ ስሞቹን ደጋግማችሁ ታያላችሁና።

ስትከፍሉ ጊዜውን ተጠንቀቁ። እነዚህ ባንኮች የሚሸጡት ለተወሰነ ቀን ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከከፈላችሁበት ጊዜ ነው። የሴሚስተር ፈተና ላይ እያላችሁ ከከፈላችሁ አንድ ወር በከንቱ ይሄዳል። ማስታወሻውን በነጻ ወይም በርካሽ ካገኛችሁት መጀመሪያ አንድ ዙር አንብቡ፤ ባንኩን ከዚያ በኋላ ክፈቱ።

ስለ ውጤትም አንድ ነገር እወቁ። ከማርች 2025 መጀመሪያ ጀምሮ የዲኤቲ ውጤት ከ200 እስከ 600 ሆኗል። ከዚያ በፊት ከ1 እስከ 30 ነበር። «በዚህ መጽሐፍ አጥንቼ ባዮሎጂ 21 አመጣሁ» የሚል የቆየ ምክር ካነበባችሁ በድሮው ሚዛን ነው። ኤዲኤ ሁለቱን የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ አውጥቷል። ባንካችሁ ውጤቱን በየትኛው ሚዛን እንደሚሰጣችሁ አረጋግጡ።

ሰባተኛ፦ ካርዱን ራሳችሁ ጻፉ፣ ጀርባውን በአማርኛ

አንኪ የሚባለው የፍላሽካርድ ፕሮግራም በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነጻ ነው። አይፎን ላይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፤ ያ ካልተመቻችሁ በብሮውዘር በነጻ ትከፍቱታላችሁ። የሚጠፋባችሁን ካርድ ቶሎ ቶሎ፣ የያዛችሁትን ዘግየት አድርጎ ያመጣዋል።

ሌላ ሰው የሠራው ሺህ ካርድ ያለበት ጥቅል በነጻ ይገኛል። ማውረድ ቀላል ነው፤ ሦስት ቀን ስትዘሉ ግን አምስት መቶ ካርድ ተከምሮ ይጠብቃችኋል። ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚያ ላይ ነው። ካርዳችሁ ከስህተታችሁ ይምጣ። ዛሬ ስምንት ጥያቄ ከሳታችሁ ስምንት ካርድ ጻፉ።

ፊት ለፊት የእንግሊዝኛው ቃል፣ ጀርባው ላይ መጀመሪያ የእንግሊዝኛው ፍቺ፣ ከሥሩ በአማርኛ አንድ መስመር። ይህን ነገር ከራሴ ነው ያገኘሁት፤ ትልቅ ለውጥ አምጥቶልኛል። የአልኮል ፈርመንቴሽን ካርዴ ላይ «የእማዬ ጠጅ» የሚል ጽፌበታለሁ። እርሾው ኦክስጅን ሲያጣ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። የእንጀራ ዓይን የሚፈጠረውም በዚያው ጋዝ አረፋ ነው። ኦስሞሲስ ላይ «ቋንጣ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ጨው ሲነሰነስበት ውሃው ከሥጋው ይወጣል። ዲፊውዥን ላይ የዕጣን ሽታ አለ፤ ከቡና ማፍያው ጥግ ተነስቶ ቤቱን የሚሞላው። በአማርኛ የገባኝን በእንግሊዝኛ ስም ነው የምጠራው እንጂ ሁለት ጊዜ አልማረውም። እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ከሆነ ይህ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። በአሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመታችሁ የመጣችሁ ግን ሞክሩት።

ስለ ቪዲዮ፣ ስለ ላይብረሪ፣ ስለ ክፍያ

ካን አካዳሚ ለቀይ ቦታዎቻችሁ ጥሩ ነው። ነጻ ነው፤ ቀስ ብሎ ያስረዳል። ለአረንጓዴው ግን አትክፈቱት፤ የምታውቁትን ሲያስረዱ ማየት ጥናት ይመስላል እንጂ አይደለም።

የመሰናዶ መጽሐፎችን የካውንቲ ላይብረሪ ጠይቁ። መደርደሪያው ላይ ባይኖር ከሌላ ላይብረሪ ያስመጡላችኋል። ላይብረሪ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ስለማይቻል በደብተር ሥሩ። ለመመዝገቢያው ክፍያ አቅም ካጠራችሁ ደግሞ ኤዲኤ በከፊል የሚሸፍንበት ፕሮግራም አለው። ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ ቀድማችሁ አመልክቱ። ከዚያ የሚተርፈውን ለጥያቄ ባንኩ አውሉት።

የማትገዙት

የኤምካት ባዮሎጂ መጽሐፍ። ዶክተር የሚሆነው የአክስት ልጅ ይሰጣችኋል፤ ነጻ ስለሆነ ትቀበላላችሁ። ኤምካት፣ የሐኪምነት ትምህርት ቤት መግቢያው፣ በአብዛኛው በምንባብ ላይ የተመሠረተ ፈተና ነው። ባዮኬሚስትሪው ጥልቅ ነው፤ ዕፅዋትና ሥነ ምህዳር ግን የሉበትም። እሱን ጨርሳችሁ ቀይ ቦታችሁ እንደ ቀላ ይቀራል። አመስግናችሁ መልሱለት።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። በቴሌግራም «ከፈተናው የወጣ እውነተኛ ጥያቄ» የሚሸጡ ሰዎች አሉ። አትንኩት። ተፈታኙ ጥያቄዎቹን ለማንም ላለማውጣት ይፈርማል። የወጣ ጥያቄ የተጠቀመ ሰው ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል። ወላጆቻችሁ ሁለት ሥራ እየሠሩ ያስተማሯችሁን ዓመታት ለአንድ ፒዲኤፍ አታስይዙ።

ስምንተኛ፦ ሳምንታቱን አከፋፍሉ

እኔ ለሚሠራ ተማሪ አሥር ሳምንት እመክራለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ማስታወሻውን ከዳር እስከ ዳር፣ ከቀዩ ጀምራችሁ። ቀዩን ለመጨረሻ የሚያቆየው ሰው አይደርስበትም። ካርድ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን 40 ጥያቄ፣ በ36 ደቂቃ። ጥያቄውን ለመሥራት ከወሰደባችሁ ጊዜ የሚበልጠውን ማብራሪያ በማንበብ አሳልፉት። ስድስተኛው ሳምንት ላይ የቀለም ዝርዝሩን እንደገና በአዲስ ወረቀት ሥሩት። አሁንም ቀይ የሆነ ርዕስ ካለ ማስታወሻችሁ ለዚያ ርዕስ አልሠራም ማለት ነው። የዚያን ርዕስ ምዕራፍ ብቻ ከማጣቀሻው አንብቡ። ሙሉ መጽሐፍ አትለውጡ።

ኤዲኤ ራሱ የሚሸጠው የልምምድ ፈተና አለ። ጥያቄዎቹን የጻፈው ፈተናውን የሚያወጣው አካል ስለሆነ በሌላ አይተካም። በጥናቱ መጀመሪያ አታባክኑት። ከፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልክ አጥፍታችሁ፣ እንደ ትክክለኛው ፈተና ተቀምጣችሁ ሥሩት። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ስለዚህ አንድም ጥያቄ ባዶ አትተዉ።

በዚያ ቀን ባዮሎጂው ከጠበቃችሁት በታች ከሆነ፣ ስህተቶቹን እንደገና በሦስቱ ምክንያቶች ለዩ። የጠፋባችሁና በቃል የተደናገራችሁበት ከበዛ ሁለት ሳምንት ይበቃችኋል፤ ካርድና ጥያቄ ብቻ ሥሩ። «ጨርሶ አላውቀውም» የሚለው ከበዛ ግን ቀጠሮውን አራዝሙት። ማራዘሚያው ያስከፍላል። ተፈትኖ መድገም ግን ሙሉውን ክፍያ እንደገና ያስከፍላል፤ በሁለት ፈተና መካከልም ቢያንስ 60 ቀን መጠበቅ አለ። የማመልከቻ ቀናችሁን ከካላንደሩ ላይ ቆጥራችሁ በዚያው ቀን ወስኑ።